ለቀብር የሚጠራ ቅሬ ለሳልም ይጠራ

የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ሥራዬ መዝገብ መያዝ ነው፦ ማን አረፈ፣ የት ተቀበረ፣ ማን ቀብር ወጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን የወር መዋጮ አለበት። ከጦሳ ተራራ ሥር ባለችው በዚች የደሴ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚጻፈው በአንድ መዝገብ ነው። ለድንኳኑ፣ ለአግዳሚው፣ ለተሰበረው ብርጭቆ ሳይቀር ቦታ አለው። ሰውየው በምን ሞቱ ለሚለው ግን ዓምድ የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም።

የሚጠይቅ የለም ማለቴ አይደለም። ለቅሶ ቤት የገባ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ «ምን አገኛቸው?» ይላል። መልሱ ግን እንደ ሟቹ ዕድሜ ነው። ወጣት ሲሞት አንድም አይቀርም፤ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ የተኛበት ክፍል፣ ሐኪሙ ያለው፣ የታዘዘው መድኃኒት ሁሉ ይዘረዘራል። ሰባ ያለፋቸው ሰው ሲሞቱ «ትንሽ ብርድ መቷቸው ነበር» ይባልና ወሬው ወዲያው ወደ ደግነታቸው ይሻገራል። ያ ብርድ ምን እንደነበር፣ ከማን እንደመጣ፣ ስንት ቀን አልጋ ላይ እንዳቆያቸው የሚያነሳ የለም። ዕድሜ ጠግበዋል፤ በቃ።

ይህቺ «ትንሽ ብርድ» እየቆየች ትቆረቁረኝ ጀመር። ጥቅምት ገብቶ ጥር እስኪወጣ ድረስ የሽማግሌና የአሮጊት ስም በመዝገቤ ላይ የሚበዛ ይመስለኛል። ስሌት አልሠራሁም፤ አንድ ቅሬ ለስሌት አይበቃም። ነገር ግን ጡሩምባ ነፊያችንም ሳልጠይቀው እንዲሁ ብሎኛል፤ እሱ ደግሞ ሌሊት እየተነሳ በውርጭ የሚዞረው ራሱ ስለሆነ አይረሳም።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። ኮምቦልቻ ቁልቁል ወርዶ ጃኬት የሚያወልቅ ሰው፣ ማታ ሲመለስ ጋቢ ደርቦም ይንቀጠቀጣል። ወደ ጉጉፍቱ፣ ወደ ደላንታና ወደ መቄት የወጣማ ባና ሳይደርብ አያድርም። ስለዚህ ብርድን መውቀስ ይቀናናል። ብርድ ግን ብቻውን በሽታ አይወልድም። ቫይረስ የሌለበት ሰው ጉጉፍቱ ላይ ቢያድር ይቀዘቅዛል እንጂ ኢንፍሉዌንዛ አይዘውም። ብርድ የሚያደርገው ሌላ ነው፦ መስኮት ያዘጋናል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ያከማቸናል። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ደግሞ ለኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ይመቸዋል፤ ከሰው ወጥቶ ብዙ ይቆያል። ከዚያ በኋላ አንድ ያስነጠሰ ልጅ ለሙሉ ቤተሰብ ይበቃል።

ጎረቤታችን ላይ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ነገሩን በደንብ የገለጠልኝ እሱ ነው። ከእኛ ግቢ ጎን የሚኖሩ እናት አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። ሰማንያን ሳይሻገሩ አልቀሩም። ቡናቸው የታወቀ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ አንዱም አይጓደልም፤ ለምርቃቱም ቢሆን ማንም አይወዳደራቸውም። አንድ ቀን የልጃቸው ሚስት በአጥር ላይ ሆና «እማማ ዛሬስ አቦሉንም አልፈለጉ፣ ገፍተው ተኙ» አለችኝ። እንደ ቀልድ ነበር ያወራችው። «ዕድሜ ነዋ፣ እየደከሙ ነው» አለች ጨምራ።

ከእኛ ሁለት ቤት አልፋ የምትኖር ነርስ አለች። ይህን ስትሰማ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ነው የሄደችው። እማማ አላሳሉም፤ ግንባራቸውም አይፋጅም። ሱብሂ ሰግደው እንደሆነ ስትጠይቃቸው አላስታወሱም። ባለቤታቸው የት እንዳሉ ስትጠይቃቸው «ባቲ ገበያ ወርደዋል፣ ሰኞ አይደል?» አሏት። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ሰውየውም ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። እኛ ከበር ላይ ሆነን «እርጅና ነው፣ መቃዠት ጀመሩ» ስንባባል፣ ነርሷ ዝም እንድንል በእጇ ምልክት ሰጠችንና ሰዓቷን ይዛ ደረታቸውን ማየት ጀመረች። ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። 32 ጊዜ ተነፈሱ። ጤነኛ ትልቅ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ነው የሚተነፍሰው። 30 ሲደርስ መኪና ይፈለጋል።

ሆስፒታል ራጅ ተነሱ፤ የሳንባ ምች ነበር። ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ ብዙ ቀን ተኝተው ተመለሱ። ከመታመማቸው በፊት በነበረው ሳምንት የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ጉንፋን ይዞ መጥቶ እቅፋቸው ውስጥ ነበር የሚተኛው። እሱ ሁለት ቀን አነጠሰና ኳሱን ይዞ ወጣ። እሳቸው ላይ የደረሰው ያው ጉንፋን ነው ብለው ሐኪሞቹ ገመቱ።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉልኝ፦ ሳል የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ያለው ቡና አለመፈለግና ባቲ ገበያ ነው። የሽማግሌ ሰውነት ጡሩምባ ነፊው የደከመበት ቅሬ ነው፤ ነገሩ ቤት ውስጥ ከገባ በኋላም ጥሪው አይሰማም። ትኩሳት ራሱ በሽታው አይደለም፤ ሰውነት ሲዋጋ የሚያወጣው ሙቀት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ውጊያው ዘግይቶ ይጀምራል፣ ይደክማልም። ከደረት አጥንት ጀርባ ታይመስ የሚባል ዕጢ አለ፤ ቫይረስን የሚለዩትና የሚያጠቁት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚሠለጥኑት እዚያ ነው። ይህ ዕጢ ከጉርምስና ጀምሮ እየሟሸሸ ስለሚሄድ፣ በሰባ ዓመት አዲስ ቫይረስን የሚያውቅ ትኩስ ኃይል ጥቂት ነው። የደረት ጡንቻም ይላላል፤ ሳል አክታውን ገፍቶ የማውጣት ጉልበት ያጣል። የብዙ ሽማግሌዎች የጤና ቀን ሙቀትም ከወጣት ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ መለኪያው 37.5 ሲል «ምንም የለም» ብሎ መተው አይገባም።

ስለዚህ የሽማግሌን ሕመም በሳል ብቻ የሚጠብቅ ሰው አርፍዶ ይደርሳል። መብላት ማቆም፣ ድንገት ቀኑንና ሰውን ማምታታት፣ ያለወትሮ መውደቅ፣ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ፣ ሽንት ማምለጥ፣ ሰላትን ወይም ቅዳሴን ማስታጎል፤ እነዚህ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከመጡ እርጅና አይደሉም። እርጅና በዓመት ነው የሚመጣው። በወሎ ምድር ቡና እምቢ ያለች አሮጊት ደግሞ፣ ነርሷ እንደምትለው፣ ሳትመረመርም ታማለች ልትባል ይገባል። ስትቀልድ ነው፤ ግን እውነቷን ነው።

ቫይረሶቹ ብዙ ናቸው፤ ሦስቱን ግን በስም ማወቅ አይከፋም። ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮቪድና አርኤስቪ። ኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ በዓለም ላይ ከ290,000 እስከ 650,000 ሰዎችን በመተንፈሻ ሕመም እንደሚገድል የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ አብዛኛውን ክፉ ጫና የሚሸከሙት ደግሞ አረጋውያንና ሕፃናት ናቸው። አርኤስቪን እኛ የሕፃናት ሕመም እያልን ነው ያሳደግነው። በእርግጥ ሕፃናትን ያፍናል፤ ነገር ግን አስም፣ የልብ ድካም ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ያለበትን ሽማግሌም አልጋ ላይ ይጥላል። ሦስቱም ሲጀምሩ ጉንፋን ይመስላሉ። በዓይን መለየት አይቻልም፤ ቤት ውስጥ ለምናደርገው ጥንቃቄም መለየቱ ብዙ ለውጥ አያመጣም።

ጉዳታቸው ደግሞ ሳንባ ላይ ብቻ አይቆምም። በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ አንድ የካናዳ ጥናት፣ ኢንፍሉዌንዛ መያዙ በምርመራ በተረጋገጠ ሰው ላይ በመጀመሪያው ሳምንት የልብ ደም ሥር ተዘግቶ የሚመጣ ድንገተኛ የልብ ጥቃት የመድረስ ዕድል ወደ ስድስት እጥፍ እንደሚያድግ አሳይቷል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ «ጉንፋን ይዟቸው ነበር፣ ሻል ብሏቸው ሳለ ድንገት ልባቸው ቆመ» የሚለው የለቅሶ ቤት ወሬ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አይመስሉኝም።

ለመተንፈሻ ወረርሽኝ አገራችን አዲስ አይደለችም። የ1911ን የኅዳር በሽታ አያቶቻችን ነግረውናል፤ በዓለም የስፔን ጉንፋን የተባለው እሱ ነው። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠን ከዚያ የቀረ ነው። የሚገርመው ያ በሽታ በዓለም ዙሪያ ከሃያ እስከ አርባ ዓመት ያሉ ጉልበተኞችን አብዝቶ መግደሉ ነው። ዛሬ በየዓመቱ የሚመላለሰው ኢንፍሉዌንዛ ግን ሽማግሌውን ነው የሚመርጠው። ማጠኑን በተመለከተ፣ ሰፈርን ማጽዳቱን እደግፋለሁ፤ ጭሱን ግን አልወደውም። በኅዳር 12 ጠዋት አስም ያለባቸው አንድ አባት ከቤታቸው ወጥተው ጭስ የሌለበት ቦታ ሲፈልጉ አይቻለሁ። በሽታ ለማባረር ብለን የሽማግሌ ደረት እናጥናለን።

ጭስ ካነሳሁ አይቀር የቤቱን ልናገር። በማድ ቤት ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲያነዱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ እናቶች፣ ሲጋራ ሳያጨሱ የአጫሽ ሳንባ ይዘው ነው የሚያረጁት። የመተንፈሻ ቱቦ ውስጥ አቧራና ጀርም ወደ ላይ የሚጠርጉ፣ ፀጉር የሚመስሉ ደቃቅ ነገሮች አሉ፤ ጭስ እነዚህን ያደነዝዛል። ቫይረሱ ሲመጣ ጠራጊ የለም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ማታ ክፍሉን ዘግቶ የከሰል ምድጃ አጠገብ ማስተኛት ነው። ልጅ እናቱን ለማሞቅ ብሎ ከሰል ካስገባ፣ ጠዋት ጎረቤት ሁለቱንም ሬሳ ሆነው ሊያገኛቸው ይችላል። የከሰሉ መርዝ ሽታ የለውም። ሙቀት ከተፈለገ ባናው ይደረብ፣ ካልሲና ቆብ ይጨመር፣ ውኃ ፈልቶ በላስቲክ መያዣ በጨርቅ ተጠቅልሎ እግር ሥር ይደረግ።

መስኮቱ ሌላው ጦርነት ነው። «ንፋስ ይመታኛል» የማይል ሽማግሌ አላየሁም፤ ልክም ናቸው፣ ይበርዳቸዋል። ግን ሰባት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲተነፍስ ያደረው አየር ሳይወጣ መቅረት የለበትም። እኛ ቤት የተስማማነው ፀሐይ ወጥታ ግድግዳው ሞቅ ሲል እናቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ክፍሉ በዚያ ሰዓት ይከፈታል በሚለው ነው። ማንም አይጣላም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልምጣ፤ ወደ ሰላምታችን። ወሎ ውስጥ ሽማግሌን ከሩቅ ሰላም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ጉልበት ይሳማል፣ እጅ ይሳማል፣ ጉንጭ ለጉንጭ ይነካካል፣ ምርቃት ይቀበላል። ከአዲስ አበባ ወይም ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ልጅማ ተጠምጥሞ ነው የሚቀረው። ያ ልጅ በጢም ባለ አውቶቡስ ሲሳልበት ውሎ ነው የደረሰው። በኢንፍሉዌንዛ የተያዘ ሰው ገና ራሱ ሕመሙ ሳይሰማው አንድ ቀን አስቀድሞ ማስተላለፍ ሊጀምር ይችላል፤ ስለዚህ «ደህና ነኝ» ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አፍንጫው የሚፈስማ ምንም ይሉኝታ አያስፈልገውም፦ «እማዬ፣ ጉንፋን ይዞኛል፣ ዛሬ ከዚህ ሆኜ ነው የምመረቀው» ይበል።

መልሱን አውቀዋለሁ። «ና እባክህ! እኔ ምን ልሆን፣ ለመሞት አንሼ ነው?» ይላሉ። ወሎዬ ልጅ ከዚህ በኋላ እምቢ ማለት አይሆንለትም። የሚሆንለትን ግን በ2012 አይተናል። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ ሽማግሌዎቻችን ራሳቸው ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ማለት ጀመሩ። እንዴት ያምር ነበር! ማንም የተናቀ አልመሰለውም፤ ምርቃቱም አልቀነሰም። ወረርሽኙ ሲረሳ ያችን ሰላምታ አብረን ጣልናት። እኔ የምለው ሁልጊዜ እንድትሆን አይደለም፤ ጉንፋን በያዘን ሰሞን ከሣጥን ትውጣ ነው።

ለቅሶ ቤት ከሁሉ ይከብዳል። ሽማግሌዎች ቀድመው ይመጣሉ፤ «ቀባሪ አያሳጣን» እያሉ ያደጉ ሰዎች የሰው ቀብር አያስታጉሉም። ድንኳን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፣ መጋረጃው ለብርድ ተብሎ ይወርዳል፣ ጠያቂ ሁሉ ተራ በተራ ይጨብጣቸዋል። አበው «ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት» ሲሉ ሌባውን ነበር ያሰቡት፤ እኔ ሳል ይዞ ለቅሶንም እጨምርበታለሁ። የሚያስል ሰው ቢቀር ቅሬው እንደማይቀጣው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። እስካሁን በመዝገቤ «ቀረ» ብዬ የምጽፈው ቅጣት ያለበትን ነበር።

ከቅሬም የሚሰፉ ጉባኤዎች አሉን። መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጡት፣ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሚሄዱት፣ ለገና ላሊበላ የሚያድሩት አብዛኞቹ እናትና አባቶቻችን ናቸው። ቅሩ ማለት ሞኝነት ነው፤ የሚሰማም የለም። ሐጅ የሚሄዱት ግን አንድ ዕድል አላቸው፦ ሳዑዲዎች የማጅራት ገትር ክትባት ያስገድዳሉ፤ የኢንፍሉዌንዛን ደግሞ በተለይ ለአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ይመክራሉ። አባቱን ወደ መካ የሚሸኝ ልጅ ለኢሕራሙ ጨርቅ ሲጨነቅ ይህንንም ይጠይቅ። ብዙዎች ሳል ይዘው ነው የሚመለሱት፤ እንኳን ደህና መጡ ለማለት የሚሄደው ሰፈርተኛም ከዘምዘሙ ጋር ሳሉን ይቀበላል።

ስለ ክትባት ባጭሩ። የአገራችን መደበኛ ክትባት በዋናነት ለሕፃናትና ለእናቶች ነው፤ ሽማግሌ ክትባት ይወስዳል ብሎ የሚያስብም ጥቂት ነው። በ2013 የኮቪድ ክትባት ሲጀመር አረጋውያን ከቀዳሚዎቹ ተርታ ነበሩ፤ ያኔ ነው ብዙ አያቶች ለመጀመሪያ ጊዜ እጅጌያቸውን የሰበሰቡት። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ቫይረሱ መልኩን ስለሚቀያይር በየዓመቱ ይታደሳል። ለአረጋውያን የሚሆን የአርኤስቪ ክትባት በውጭ አገር የተፈቀደው በቅርቡ፣ በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ውጭ ያሉ ወሎዬዎች ወላጆቻቸውን ሲወስዱ ይጠይቁ። እጃችን ላይ ያለው አንድ ነገር ግን አይናቅ፦ ከ2004 ጀምሮ ሕፃናት የሚከተቡት የኒሞኮከስ ክትባት። ከኢንፍሉዌንዛ በኋላ ሳንባ ላይ የሚወርደው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ የሚያደባውም በሕፃናት አፍንጫ ነው። ልጆች በብዛት በተከተቡባቸው አገሮች ያልተከተቡ አረጋውያንም በዚህ ባክቴሪያ መታመማቸው ቀንሷል። ልጇን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ የምትሄድ ምራት የአማቷንም ደረት እየጠበቀች ነው።

መድኃኒት ቤት ላይ ትንሽ ልቆጣ። «አባቴን ጉንፋን ይዟቸዋል» ሲባል አሞክሳሲሊን ቆጥሮ መስጠት ቫይረስ ላይ ምንም አያደርግም። እሱስ ገንዘብ ማባከን ነው ይባል። አፍንጫ የሚከፍቱት የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ የደም ግፊት የሚጨምር አለ፤ እንቅልፍ የሚያመጡት ደግሞ ሽማግሌን ያቃዣሉ፣ ሽንት ይይዛሉ። ዳይክሎፌናክ ኩላሊትን ይጎዳል። በኮቪድ ጊዜ ስሙን የለመድነው ዴክሳሜታዞን ያለ ሐኪም ከተወሰደ ስኳር ያለበትን ሰው ስኳሩን ያንረዋል። ለትኩሳትና ለቁርጥማት ፓራሲታሞል በልኩ፣ ብዙ ፈሳሽ፣ አጥሚት፣ ሾርባ። ዳማከሴውንም፣ ዝንጅብሉንም፣ ማሩንም አልቃወምም፤ ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፣ ደግሞም እናት በእጇ ጨምቃ ካልሰጠች ሕመም የተከበረ አይመስላትም። የምቃወመው እነሱን እየጠጡ ሦስት ቀን መጠበቅን ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው በቅሬው ስብሰባ የተነሳሁት። ያልኩት አጭር ነበር፦ ይህ ቅሬ እያንዳንዱን ሽማግሌ ያውቃል። ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ የማን ልጅ ዓረብ አገር እንደሆነ፣ ማን የስኳር ክኒን እንደሚወስድ ጤና ጣቢያው ሳያውቅ እኛ እናውቃለን። ጡሩምባ ሲነፋ በግማሽ ሰዓት ድንኳን እንተክላለን። ታዲያ ሰው ሳይሞት ለምን አንመጣም?

ጉድ ፈላ። አንድ ሐጂ «ልጄ፣ የቅሬ ገንዘብ የሙት ገንዘብ ነው፤ ለሕያው ማውጣት ከጀመርን ለከፈን ምን ይተርፋል?» አሉ። አንድ ቄስ ደግሞ በተቃራኒው «ገመምተኛ መጠየቅ ከቀብር ያንሳል ያለው ማነው?» ብለው ተነሱ። አንዲት እናት «ሊጠይቀኝ የሚመጣው ጎረምሳ ሳል ቢኖርበትስ?» ሲሉ ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ግን ከሁሉ የተሻለው ጥያቄ እሱ መሰለኝ። የቅሬው ዳኛ በወጉ ሁሉንም ካናገሩ በኋላ ነገሩ በሦስት ቦታ ተከፈለ።

የጤና መድን ነገር ቶሎ አለቀ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ የኛዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ ስለዚህ እዚያ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ዘመድ ያለው ሁሉ ጥቅሙን ያውቃል። አቅም የሌላቸው የቅሬ አባላት ዓመታዊ መዋጮ ከቅሬው እንዲሸፈን ተወሰነ። ለሕያው የወጣ የመጀመሪያው ገንዘባችን ይኸው ነው። ሐጂው እጃቸውን አላወጡም፤ ከስብሰባው በኋላ ግን የአንድ ጎረቤታቸውን ስም ጆሮዬ ላይ ሹክ ብለው አስመዘገቡኝ።

ሁለተኛው፣ ብቻቸውን የሚኖሩትን አረጋውያን በብርዱ ወራት በየሁለት ቀኑ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው መመደብ ነው። በሉ ወይ፣ ተነሱ ወይ፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው፣ ቡና ጠጡ ወይ። ጠያቂው ካሳለው ሌላ ይተካዋል፤ የእናቲቱ ጥያቄ እዚህ ገባ።

ሦስተኛው ላይ ነው የተጣላነው። ነርሷ በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ይገዛ አለች። አጠቃቀሙንም አስረዳች፦ ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጤነኛ ሰውም እንደ ቆላ ሰው 98 ላያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ሽማግሌ ቁጥር በደህናው ቀን ተለክቶ ይያዝ፤ ከዚያ በጣም ከወረደ፣ በተለይ ከ90 በታች ከሆነ፣ ወደ ሕክምና ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ መሣሪያው ከእውነቱ ትንሽ አሳድጎ ሊያሳይ ስለሚችል ቁጥሩ ደህና ነው ተብሎ የሚያለከልክ ሰው ቤት አይቀመጥም። የጥፍር ቀለም ወይም ጥቁር ሂና ያለበት ጣትም አይሆንም። ይህን ሲሰሙ ግማሾቹ «እሱስ ለሐኪም ነው» አሉ፤ ግማሾቹ «ለድንኳን ስንት አውጥተናል» አሉ። በመጨረሻ ከቅሬው ሳይሆን ከፈቃደኞች ተዋጥቶ ተገዛ። አሁን ነርሷ ቤት ነው ያለው፤ በሌሊትም ቢሆን በሩን አንኳኩ ብላለች። የሚመጣው ስብሰባ አጀንዳ ባትሪው ከማን ኪስ ይገዛ የሚለው ነው።